ኦቦ ደበላ ያልቸኮሉበት ይቅርታ

ባለፈው ሳምንት ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ስለ ቁጣ ተሰበክሁ። ሾፌሩ የአንድ ሰባኪ ድምፅ ከፍቷል፤ ሰባኪው ስለ ትዕግሥት የሚናገረው እየጮኸ ነው። ስትናደዱ እስከ አሥር ቁጠሩ ይላል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ታረቁ፣ ያደረ ቁጣ የሰይጣን ማደሪያ ነው ይላል። በዚህ መሐል ረዳቱ አንዲት ሴትዮ ላይ አፍጥጦ «ጠጋ በይልኝ እንጂ እናት» ሲላት፣ «የት ልጠጋልህ? በመስኮት ልውጣልህ?» አለችው። «አፍሽን ብትሰበስቢው ለሁለት ሰው ቦታ ይወጣዋል» አላት። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሾፌሩ መፍትሔ ያገኘ መስሎት ሰባኪውን ይበልጥ ጮክ አደረገው። እኔ ደግሞ ከጥንትም ከስብከት ጋር በልቤ መከራከር ልማዴ ነውና፣ እስከምወርድ ድረስ መቀመጥ አላስችል እያለኝ ተቁነጠነጥሁ። በአርባ ቀኔ ክርስትና የተነሣሁ ሰው ነኝ፤ ቁጣ ሊገራ፣ ምላስ ሊታሰር እንደሚገባ አምናለሁ። የማላምነው ጥድፊያውን ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመታረቅ ሲሮጥ ወድቆ የተሰበረ ሰው አይቻለሁ። ያየሁትም እዚያው ቡራዩ፣ ታክሲው አልፎት በሄደው በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ደጃፍ ነው።

ያየሁት አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ያያይዛል የተባለው ያ ማስተር ፕላን በየሰዉ አፍ በገባበት ጊዜ ነው። ካርታውን በዓይኑ ያየ ሰው አላገኘሁም፤ በካርታው ያልተጣላ ሰውም አላገኘሁም። ዓመቱን ለሌሎች እተወዋለሁ፤ እኔ ያን ዘመን የማስታውሰው በዋጋው ነው። ከአስኮ ቡራዩ በአምስት ብር ገብተህ መልስ ይሰጥህ ነበር። ማኪያቶ ስምንት ብር ሲገባ «ይቺ አገር አለቀላት» ብለን ጠጥተነው ነበር፤ ዛሬ በዚያ ዋጋ የማኪያቶውን ስኳር የሚሰጠኝ ባገኝ ደስታዬ ነው። ወጣቶቹ እግር የሚያንቅ ጂንስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በጎን ተላጭተው፣ ድልድዩ ጋ ይቆማሉ። ካሴት ቤቶቹ ፍላሽ ላይ ዘፈን መጫኛ ሆነው ነበርና፣ አንዱ ቤት ቀኑን ሙሉ የኦሮምኛ ዘፈን ሲያስጮህ ይውላል፤ የፖሊስ ፒካፕ ብቅ ሲል ዘፈኑ በአንድ ጊዜ መዝሙር ይሆናል፤ ፒካፑ ሲያልፍ መዝሙሩ ከመሐሉ ተቆርጦ ዘፈኑ ካቆመበት ይቀጥላል። መንገዱ አዲስ ኮብልስቶን እየተነጠፈ ነበር፤ ገና ያልተነጠፈው በየጥጉ ተከምሮ ነበር። ያ ክምር ምን ላይ እንደዋለ አንባቢዬ ይገምተዋል። ከከተማ ሥራ ስንመለስ በመጀመሪያ የምንጠያየቀው «ተከፍቷል?» ነበር። መንገዱን ማለታችን ነው።

የምኖረው ኦቦ ደበላ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ነበር። ኦቦ ደበላ ያን ሰፈር በሙሉ እህል ሲዘራበት የሚያውቁ፣ መሬታቸው በሽያጭም በካሳም ተሸርፎ ተሸርፎ አንድ ግቢ የቀራቸው ሽማግሌ ናቸው። ከግቢያቸው ቀጥሎ ያለው መደብር የአስካለ ነው፤ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም ትሸጣለች። ከጎጃም መጥታ ሃያ ዓመት ያህል ቡራዩ የኖረች፣ መሬቱንም ከራሳቸው ከኦቦ ደበላ የገዛች፣ ቀልጣፋና አፈኛ ሴት ናት። ልጇን ክርስትና ያነሱላት እሳቸው ስለሆኑ ሁለቱ አበልጆች ናቸው። ጠዋት ጠዋት መደብሯ ደጃፍ ቆመው «አካም ቡልቴ፣ አበልጅ?» ብለው እንዴት አደርሽ ሲሏት፣ እሷም በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች፤ እሳቸው በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሳሉ፤ መሐል ላይ የት እንደሚገናኙ እኔ ቋንቋ እየተረጎምኩ የምበላው ሰውዬ እንኳ አላውቀውም። ሦስታችንም የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኞች ነን። እኔ በሃይማኖቴ ጥንካሬ የገባሁ እንዳይመስላችሁ፤ እናቴ ስታርፍ ወንበሯ ለእኔ ደረሰኝ።

ነገሩ የተጀመረው በሰልፉ ቀን ነው። ወጣቶቹ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረው በመንገዱ ወረዱ፣ ተኩስ ተሰማ፣ ሁሉም ሲበተን አንድ ኮብልስቶን የአስካለን የፊት መስታወት ሰብሮ ገባና ቀለም ቆርቆሮዎቹ ላይ አረፈ። ማን እንደወረወረው እስከ ዛሬ አይታወቅም። በማግስቱ ጠዋት ፖሊሶች መጥተው የኦቦ ደበላን ልጅ ለሚን ከግቢያችን አወጡት። ለሚ መንገድ ሥራ ላይ ቀያሽ የነበረ፣ ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። እናትየዋ እየጮኹ ወጡ፤ ኦቦ ደበላ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ከኋላ ተከተሉ። አስካለ በዚያ ሰዓት መጥረጊያ ይዛ ስብርባሪ እየጠረገች ነበር። ቀና አለች፤ ልጁ ፒካፑ ላይ ሲወጣ አየች፤ ከዚያም ሰፈሩ ሁሉ እየሰማት «እሰይ! ደግ አደረጉ! ይበላችሁ!» አለች። ኦቦ ደበላ ዞር ብለው አዩዋት። ፒካፑ ሄደ፤ ሰዉም በየቤቱ ገባ፤ መጥረጊያዋም ቀጠለ። አራት ቃል ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ አንደበት ብዙ አንብቤአለሁ፤ ብዙ ጽፌአለሁም፤ ከእነዚያ አራት ቃላት የከበደ ነገር ግን አላገኘሁም፤ ምክንያቱም «ይበላችሁ» ያለችው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለቤቱ፣ ለዘሩ፣ ለአበልጅነቱም ጭምር ነበር።

ይህ በሆነ በሳምንቱ ገደማ የማኅበሩ ቀን ደረሰ፤ ተራው ደግሞ የአስካለ ነበር። የማታውቁት ካላችሁ፣ የጽዋ ማኅበር አለቃ ሙሴ ይባላል፤ የእኛ ሙሴ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ። ዳቦው ከመቆረሱ፣ ጽዋው ከመቀመሱ በፊት ሙሴው ተነሥተው «ከመካከላችን የተቀያየመ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ካለ ሳይታረቅ ጽዋው አይቀመስም። በየወሩ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «የለም!» እንላለን። በአንድ ድምፅ ስንዋሽ እንደ ቅዳሴ ያምርብን ነበር። የዚያን ዕለት ግን ጋሽ ወርቁ ሲጠይቁ ዝም አልን። ኦቦ ደበላ ከበሩ አጠገብ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። መምጣታቸው ራሱ ገርሞን ነበር። ከዳቦው የኮባ ሽታ በስተቀር በቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። አስካለ ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ጋሽ ወርቁ ፊታቸው በራ፤ በኋላ እንደሰማሁት፣ ዛሬውኑ ይቅርታ እንድትጠይቅ፣ ፀሐይ እንዳትጠልቅባት፣ የዋዜማውን ማታ ቤቷ ሄደው ሲመክሯት ነው ያመሹት። ፀሐይቱ በመካከሉ ስንት ጊዜ እንደጠለቀች የቆጠረ የለም።

አስካለ ስትመለስ ነጠላዋን አደግድጋ፣ በማጅራቷ ድንጋይ ተሸክማ ነበር። ደንቡ ነው፤ የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ይወድቃል፣ የተበደለ «አውርድ» ይላል፣ ይሳሳማሉ። እኛ ግን ድንጋዩን አወቅነው። ያ ኮብልስቶን ነበር። ሳምንቱን ሙሉ መደብሯ ውስጥ የሚስማር ሚዛኑ አጠገብ አስቀምጣው፣ የገባ የወጣውን ደንበኛ «ይኸውላችሁ፣ ከጎረቤቶቼ የተላከልኝ ስጦታ» እያለች ስታሳየው ከርማለች። አንዱ ጠርዝ ላይ ከቆርቆሮው የነካው አረንጓዴ ቀለም ነበረበት። ጎንበስ ብላ ኦቦ ደበላ እግር ሥር ስትቆም የቀለሙ በኩል ወደ እሳቸው ነበር።

«ይቅር በሉኝ፣ አበልጅ» አለች።

ኦቦ ደበላ ድንጋዩን ረጅም ሰዓት አዩት። «ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ከቤቴ ነው። ሌላ ድንጋይ ከየት ላምጣ? ግቢዬ ሁሉ ሲሚንቶ ነው።»

ከማኅበርተኛው አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ይቅር በለኝ ልትዪ ነው የመጣሽው፣ ወይስ ልጅህ ነው የሰበረብኝ ልትዪ?»

አስካለ አንገቷ ከድንጋዩ በታች እንደተቀለሰ ድንጋዩን በሁለት እጇ አስተካከለች። ከዚያ «ሁለቱንም!» አለች።

ጋሽ ወርቁ «ኧረ በሚካኤል! አንቺ ሴትዮ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። የማኅበሩ ቄስ መስቀላቸውን እያገላበጡ ይመለከቱ ጀመር። ኦቦ ደበላ ግን የሚስቁ መሰለኝ፤ ከንፈራቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ሄደ።

«ተባረኪ። እውነት ተናገርሽ» አሉ። «አውርጂው፣ አንገትሽን ይሰብረዋል። እኔም እውነት ልናገር። ይቅርታ ዛሬ የለኝም። ከየት ላምጣ? ልጄ የት እንዳደረ አላውቅም። ለዳቦው ብዬ አለኝ ብል መዋሸቴ ነው። ቁጣዬን ተዉልኝ፣ ልያዘው። ክፉ ቃል ግን ከአፌ አይወጣም፤ በቤቷም በልጇም ላይ አልናገርም። ለዚህ እሱ ምስክሬ ነው።» ወደ ተሸፈነው ጽዋ አመለከቱ፤ ተነሥተው የቄሱን መስቀል ተሳለሙና ወጡ።

ዳቦው ሳይቆረስ ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላሉት ነዳያን ተላከ፤ እኛም እየተራበን፣ እያፈርን ተበታተንን። መንገድ ላይ ማኅበርተኛው ሁሉ ኦቦ ደበላን ያማ ነበር። «ድንጋይ ተሸክማለት ካልማረ መቼ ሊምር ነው?» «ቂመኛ ናቸው ልበል?» ጋሽ ወርቁ «ሴቲቱ ግዴታዋን ተወጥታለች» አሉ፤ የቤት ሥራ እንደሚያርም አስተማሪ። እኔ በዚያን ሰዓት የተከራከርኩት ለመከራከር ያህል ነበር፤ ዛሬ ግን አምኜበት እከራከራለሁ። ይቅርታን በቀጠሮ ማሰጠት፣ ለዚያውም የተበደለውን በሰው ፊት አስቀምጦ፣ ዳቦ እየጠበቀ፣ ከመጀመሪያው ስድብ ቢብስ እንጂ አያንስም። ስናስታርቅ ከተበደለው ቁስል ይልቅ የእኛ ምቾት ነው የሚያሳስበን። ተጣልቶ የሚቀመጥ ሰው ሽታው አይመቸንም። ጌታችን ምሕረት ስጡ ያለውን እኛ ደረሰኝ ስጡ ያለ አደረግነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ወራት ዛሬም ሳስባቸው እግሬን ያቁነጠንጡኛል። ኢንተርኔት ይጠፋል፣ ይመጣል፤ ወሬ ግን ጠፍቶ አያውቅም። ለሚ ሰበታ ነው ሲባል ኦቦ ደበላ ሰበታ ይሄዳሉ፤ ወደ ሱሉልታ ተዛውሯል ሲባል ሱሉልታ። እነዚህ ከተሞች አዲስ አበባን እንደ መቀነት ከበዋት ሳለ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ለመሄድ የግድ አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት ነበረበት፤ ሽማግሌው ምሳ ዕቃ ይዘው አንድ ቀን አየር ጤና፣ አንድ ቀን አዲሱ ገበያ ታክሲ ሲጠብቁ ይውላሉ። ዛሬ ሁሉም በአንድ ከተማ ታጥፈው ሌላ ስም ወጥቶላቸዋል፤ ታክሲው ግን ያው በአዲስ አበባ በኩል ነው። በመጨረሻ ልጁ ሱሉልታ ተገኘ። ሽማግሌው በዚያ ብርድ ደርሰው ሲመለሱ ጺማቸው ላይ የሱሉልታ ጭጋግ ያለ ይመስለኝ ነበር።

በየጠዋቱ ግን በአስካለ ደጃፍ ያልፋሉ። «አካም ቡልቴ» ይላሉ፣ መልስ ሳይጠብቁ። ድሮ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ሰላምታ ሁለት ቃል ሆነ። አንድ ቀን አላስቻለኝም፤ «ኦቦ፣ በጓሮ በኩል ቢዞሩ እኮ ለታክሲው ይቀርብዎታል» አልኳቸው። ቆመው በከዘራቸው ኮብልስቶኑን ጠቅ ጠቅ አደረጉ። «መንገድ የቀየርኩ ቀን ጠላኋት ማለት ነው» አሉኝ። «አሁን ተናድጄአለሁ እንጂ አልጠላሁም። ተናዳጅ በፊት በር ነው የሚያልፈው።»

አስካለ በበኩሏ ስድብ ቢመጣላት ትመርጥ ነበር። «ይስደቡኛ! ይርገሙኛ!» ትለኝ ነበር፣ ሚስማሩን ሚዛኑ ላይ እየወረወረች። «ሰላም ይሉኛል! በየቀኑ ሰላም ይሉኛል! እንዴት ያለ ጭካኔ ነው?» ጽዋው ደግሞ ማኅበሩ ስለቆመ ከእሷ ቤት ሳይወጣ ቀርቶ ነበር። ጓዳ አስቀምጣው፣ ወደ ጓዳ ስትገባ በጎን እንደምትገባ ነገረችኝ። ማኅበርተኞቻችን ደግሞ መመንመን ጀመሩ፤ አንዱ ቤቱን ሸጦ ከተማ ገባ፣ ሌላዋ ልጆቿን ይዛ እህቷ ዘንድ ሄደች። ጋሽ ወርቁ «እነዚህ ሁለቱ ካልታረቁ ሚካኤልን ይዘን የት እንገባለን?» ይሉ ነበር፤ ፍርሃታቸው ለጽዋው ብቻ እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቅ ነበር። በዚያ ሰፈር የሰሜኑንም የዚያኑም አገር ሰው በአንድ መደብ ላይ የሚያስቀምጥ ሌላ ነገር አልቀረም ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ አስካለ የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄዳ ተመለሰችና ንግግር አቆመች። ምን እንዳሏት አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሰዉ ሥጋና ቅቤ ሲጾም እሷ አፏን ጾመች። ሲሚንቶ ነጋዴ ዝም ስትል ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው የጾምን ክብደት አያውቅም። አንድ ወጣት ገብቶ «ማዘር፣ ቆርቆሮ አለ?» ይላል፤ ራሷን ትነቀንቃለች። «ስንት ነው?» በጣቷ ታሳያለች። «ቅናሽ የለውም?» በዓይኗ ትመልሳለች፤ ይኼኛው ከድሮው ስድቧ የሚለይ አልነበረም። «ማዘርንም ከኢንተርኔቱ ጋር ዘጓት እንዴ?» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ። ድሮ ቢሆን ያ ልጅ ቤቱ እስኪገባ ድረስ የአባቱን ታሪክ ትነግረው ነበር። ጥርሷን ነክሳ ቆርቆሮውን ቆጠረችለት። ፊቷ ግን ቀልቶ ነበር፤ ቁጣው አልሄደም። እኔ በዚያን ጊዜ ነው ትዕግሥት የሚባለው ነገር ጉሮሮ ውስጥ ሲወርድና ሲወጣ በዓይኔ ያየሁት።

አንድ ቅዳሜ በእጅ ምልክት ጠርታኝ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ሕብስት ሰጠችኝ። ወደ ኦቦ ደበላ ቤት በአገጯ አሳየችኝ። ወሰድሁት። ኦቦ ደበላ ምሳ ዕቃቸውን እያሰሩ ነበር።

«ለማን ነው የላከችው?» አሉኝ።

«አልተናገረችም።»

«ለልጁ ከሆነ እወስድለታለሁ። ለእኔ ከሆነ አልበላም፤ እንዳትዋሸኝ።»

ተመልሼ ሄጄ ጠየቅኋት። እጇን ወደ ሱሉልታ አቅጣጫ፣ ወደ ተራራው አነሣችው። ወሰዱለት። ማታ ሲመለሱ በሩ ላይ ጠብቄ «በላ?» አልኳቸው። «በላ። ማን እንደጋገረው ነገርኩት፤ ማኘኩን አቆመ። ከዚያ ቀጠለ» አሉኝና ገቡ።

ለሚ የተፈታው ከፋሲካ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ላይ፣ ማንም ሳይጠብቀው ነው። በባጃጅ መጣ። ፀጉሩ ተላጭቷል፣ ጂንሱ ወገቡ ላይ አልቆም ብሎ በአንድ እጁ ይዞታል። ሴቶቹ ከየግቢው እልል እያሉ ወጡ፤ የሙስሊሙ ጎረቤታችን ሚስት ሳይቀሩ ምድጃቸውን ትተው መጡ። እናትየው ልጃቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አነሷቸው፤ እንደገና ተቀመጡ። ሰዉ ወደ ግቢው ሲገፋ በአስካለ ደጃፍ ማለፍ ነበረበት። ጾሙ ተፈትቶ እሷም መናገር ጀምራ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ በአዲሱ መስታወቷ ፊት ተገትራለች። ብትገባ ታስቀይማለች፤ ብትወጣ ምን ፊት ይዛ? እኔ ከሰዉ መሐል ሆኜ ሳያት እሷ የምታየው ልጁን ሳይሆን እግሯን ነበር።

ኦቦ ደበላ ቆሙ። ሰልፉም ከኋላቸው ቆመ። ከዘራቸውን አነሡ፤ ሊመቷት ነው ያለ ሰው ነበር።

«አበልጅ!» አሉ። «ያ ሁሉ አፍ ዛሬ የት ገባ? የሰፈሩ ሴት ሁሉ እልል ሲል አንቺ ትገተሪያለሽ? ለልጄ እልል አይባልም?»

አስካለ ነጠላውን ከአፏ አወረደች። አፏን ከፈተች፤ የወጣው እልልታ ሳይሆን ሳል ነበር። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ኦቦ ደበላ ከዘራቸውን አላወረዱም።

ለሚ ሱሪውን ይዞ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረበ። ከስቷል፣ ዓይኖቹ ጎድጉደዋል፣ ፈገግታ ግን ፊቱ ላይ አልነበረም።

«አልሰማሁም፣ እትዬ አስካለ» አላት። «ይድገሙልኝ።»

ደገመችው፤ እልልታዋ ድልድዩ ድረስ ተሰማ።